የመምህርት ዓለምነሽ አሥር ወራት

ካናቴራ አልብሰውኛል። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጋቢ ለብሼ በተቀመጥኩበት፣ ደረቱ ላይ «የቴክኖሎጂ ፈር ቀዳጅ» የሚል የተጻፈበት ቢጫ ካናቴራ። የመሥሪያ ቤቱ የምሥረታ በዓል ነው አሉ። ሦስት ወጣቶች ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ሻዬን ጠጥተው፣ «ጋሽ ውብሸት፣ ለበዓሉ መጽሔት ስለ ድሮው የኮምፒውተር ዘመን ትዝታዎን ይጻፉልን፤ ትውልድ ይማርበት» አሉኝ። ትውልድ ይማርበት! ይሄ ደግሞ የሚማር ትውልድ ሆነና ነው? እኔ እያወራሁ አንደኛው ስልኩን ይጠነቁላል። ሁለተኛው ያዛጋል። ሦስተኛው፣ ትንሽ ነቃ ያለ የሚመስለው፣ «ድሮ እንዲህ ተቸግራችሁ ነበር እንዴ? አሁንማ በአንድ ትእዛዝ ሁሉም ነገር ራሱ ይወርዳል፣ ራሱ ይጫናል» አለኝ። የሚወርደው ከየት እንደሚወርድ፣ የሚጫነው በምን ላይ እንደሚጫን ጠየቅኩት። ሳቀ። እንግዲህ ከነዚህ ጋር ነው ዕድሜዬን የምጨርሰው። እሺ፣ እጽፋለሁ አልኳቸው። የምጽፈውን ግን እንደማያትሙት ከአሁኑ አውቄዋለሁ፤ እነሱ የሚፈልጉት ሪባን ሲቆረጥና ሲጨበጨብ ነው።

ያኔ ንፋስ መውጫ እንዳሁኑ ባጃጅ እንደ ዝንብ የሚርመሰመስባት ከተማ አልነበረችም። ሻይ በብር ከሃምሳ፣ ፓስቲ በሃምሳ ሳንቲም፣ ባዶ ሲዲ በአምስት ብር ይሸጥ ነበር። ሁለት ጊጋ ፍላሽ የገዛ ሰው በክር አስሮ አንገቱ ላይ እንደ ማተብ ያንጠለጥለዋል፣ ሌሊትም አያወልቀውም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አንዱን የእስክስታ ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ያስጮኸዋል። ከተማዋ ስሟን ያለ ምክንያት አላገኘችም፤ ንፋሱ ግማሹን ዘፈን ጠልፎ ወደ ገደሉ ይወስደዋልና ግጥሙን እስከ መጨረሻው የሰማሁበትን ቀን አላስታውስም። የቢሮ ሰው ኮት ለብሶ ጋቢ ይደርብበታል። ሴቶቹ ሹራብ ላይ ሌላ ሹራብ፣ ከዚያ ላይ ነጠላ። ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን ከወገባቸው በታች አውርደው ይሄዱ ጀመር፤ በዚያ ብርድ! እዚያው ጋይንት ካለው የቤተ ልሔም ደብር አንድ የድጓ መምህር ለገበያ መጥተው ይሄን ሲያዩ ቆመው፣ «ልጄ፣ መታጠቂያ ልግዛልህ?» ብለው ከልባቸው አዝነው የጠየቁት ልጅ ዛሬ የቢሮ ኃላፊ ነው። ሱሪውን ከፍ አድርጓል፤ ሌላው ነገሩ እዚያው ነው።

እኔ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ሁለት ክረምት የኮምፒውተር ሥልጠና ስለወሰድኩ ብቻ ከክፍል አውጥተው ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ስምንት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ ሾሙኝ። ስምንቱም በቫይረስ የነቀዙ ናቸው። ፍላሽ በሰካህ ቁጥር ፋይልህ ይጠፋል፣ በቦታው የፋይል ጥላ ይቀመጥልሃል። እኔም አንድ የባሕር ዳር ወዳጄ የሰጠኝን ዲስክ ይዤ መጥቼ ስምንቱንም ጠራርጌ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ጫንኩባቸው። ያን ቀን የሰማሁትን ስድብ ቤቴ ስገባ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። ጸሐፊዋ፣ «የለመድኩት ቁልፍ የት ሄደ?» ብላ አለቀሰች። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ፓኬጅ የሚለውን ቃል ከአፌ ሰምቶ፣ «የጤና ፓኬጅ ነው የግብርና? በጀቱን ማን ይዞታል?» አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እግዜር ያሳያችሁ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሊኑክስ ሁሉንም ነገር በፓኬጅ ነው የሚይዘው። ፓኬጅ ማለት ፕሮግራሙና «ከእኔ በፊት እነ እገሌ ይኑሩልኝ» የሚል ዝርዝር አብረው የታሰሩበት ጥቅል ነው። ሠርግ እንደ መጥራት ነው፤ አንዱን ስትጠራ አጎቱን ካልጠራህ አልመጣም ይላል፣ አጎቱ ደግሞ አማቹን ካልጠራችሁ ይላል። ኢንተርኔት ላለው ቀላል ነው፤ ዘመድ አዝማዱ በሽቦ ተጠርቶ ይመጣል። እኛ ጋ ሽቦ የለም። እያንዳንዱን ዘመድ ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር በፍላሽ፣ በአውቶቡስ፣ ከዶሮና ከኑግ ዘይት ጀሪካን ጋር ነው የማመጣው። ፓይተን የሚባለው ደግሞ የስክሪፕት ቋንቋ ነው። ትእዛዝህን እንደ ደብዳቤ ትጽፈዋለህ፣ እሱ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይፈጽምልሃል። ሊኑክሱ ራሱ ፓኬጅ የሚጭንበት መሣሪያ በዚሁ በፓይተን፣ ያውም በአሮጌው ፓይተን የተጻፈ ነበር። አዲሱ ፓይተን ገና መምጣቱ ነው፤ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ በአንዳንድ ነገር አይስማሙም። ይሄን ልብ በሉልኝ።

በሰኔ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት ወር፣ ከበላይ አካል አንድ ኤክስፐርት ተላከልን። ሞላ ይባላል። የቆዳ ጃኬት፣ ሹል ጫማ፣ ሁለት ሞባይል፤ ሁለቱም ኔትወርክ የላቸውም። በየሁለት ቃሉ «ሲስተሙ» ይላል። «ሲስተሙን እናዘምናለን፣ ሲስተሙ ግልጽነት ያመጣል።» ይዞት የመጣው በአዲሱ ፓይተን የተጻፈ የመምህራን ዝውውር ፕሮግራም ነው። እስከዚያ ድረስ ዝውውር የሚሠራው በኮሚቴ ነበር። ኮሚቴ ሲባል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቅቤ ያመጣ ወደ ከተማ ይወጣል፣ ያላመጣ በረሃ ይከርማል። አሁን ግን የአገልግሎቱ ወራት ለአሥራ ሁለት ተካፍሎ ነጥብ ይሆናል፣ ማሽኑ በነጥብ ይደረድራል፣ እኩል የመጡት በሥራ አፈጻጸም ይለያያሉ። ንፋስ መውጫ የተሻለ መብራት ስላላት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ዝውውር አንድ ላይ እኛ ዘንድ ይሠራ ተባለ። ልቤ አበጠ። ሦስት ወረዳ በእኔ ጣት ሥር!

ሞላ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ብርዱ ሲያንዘፈዝፈው ሄደ። ሲሄድ አንድ ብጣሽ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ። «አዲሱን ፓይተን በራሱ ፓኬጅ ከአሮጌው ጎን ለጎን ጫን። አሮጌውን አትንካ። ፕሮግራሙን በአሮጌው እንዳታስኬደው» ይላል። ጫን! አትንካ! ልጄ የሚሆን ልጅ። እኔ ሒሳብ ማስተማር ስጀምር ይሄ እናቱ ጀርባ ላይ ነበር። ወረቀቱን ጠቅልዬ የሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር ሻጥኩት፤ ለዚያ እንኳ ጠቀመኝ።

መጀመሪያ ጎን ለጎን ማለት የፈሪ ሥራ ነው ብዬ አሮጌውን አወጣሁና አዲሱን ልተካ ሞከርኩ። ጉድ ፈላ። ፓኬጅ የሚጭነው መሣሪያ ራሱ በአሮጌው የሚኖር ነውና አብሮ ሞተ። አዲሱን ልጫን ብል ጫኚው የለም፤ ጫኚውን ልመልስ ብል የሚጭነው የለም። ያን ኮምፒውተር እንደ አዲስ ከሥሩ ነው የተከልኩት። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ የሞላን መንገድ ያዝኩ፣ የሞላ መሆኑን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። የአዲሱን ፓይተን ጥቅል ከባሕር ዳር አመጣሁ። እነ እገሌ ይቅደሙኝ አለ። ተመልሼ ሄድኩ፣ እነ እገሌን አመጣሁ። ከእነ እገሌ አንዱ ደግሞ ሌላ ይቀድመኛል አለ። ሦስተኛውን ጉዞ ስሄድ አውቶቡሱ ክምር ድንጋይ የምትባለው ከተማ ላይ ተሰበረ። የጉና ብርድና ዝናብ አንድ ላይ ወረዱብኝ። በማግሥቱ ስደርስ ወዳጄ ቤተሰብ ጥየቃ ሄዷል፣ የሚሠራበት የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ጥርሴን እያፋጨሁ ባዶዬን ተመለስኩ።

ነሐሴ ደርሷል፤ ኃላፊው «ዝርዝሩ የታለ?» እያለ በየቀኑ በሬ ላይ ይቆማል። አላገኘሁትም ብዬ ብነግረው ሳምንት ይሰጠኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንትም ይሰጠኝ ነበር፣ ያ ሰው ጊዜ ይወዳል። ግን እኔ አላወቅኩም፣ አቃተኝ ማለት? ምን ቆርጦኝ! የፕሮግራሙን ፋይል ከፈትኩት። የመጀመሪያው መስመር «በአዲሱ ፓይተን አስኪደኝ» ይላል። ወደ አሮጌው ቀየርኩት። ሳስኬደው የአማርኛ ፊደሉን አላነብም ብሎ ተነጫነጨ፤ ዝም የሚያሰኘውን አንድ መስመር ጨመርኩለት። ከዚያ እንደ በግ እሺ አለ። አንድም ስሕተት አላወጣም። ዝርዝሩን አምሮና ተደርድሮ አወጣልኝ። ያን ፕሮግራም በራሴ ፓኬጅ ጠቀለልኩት፤ በዝርዝሩ ላይ «አሮጌው ፓይተን ይበቃኛል» ብዬ ጻፍኩለት፤ ስምንቱም ማሽን ላይ ጫንኩት። ለሚስቴ፣ «ባለ ቆዳ ጃኬቱ ወር የሚፈጅበትን እኔ በሁለት መስመር ጨረስኩት» ብዬ የፎከርኩትን ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት ግቢው የሠርግ ቤት መሰለ። ከስማዳ ቆላ፣ ከእስቴ፣ ከየገደሉ የመጣ መምህር ዣንጥላውን ይዞ ስሙን በጣቱ ይፈልጋል። ያገኘው እልል ይላል፣ ያጣው ማሽኑን ይረግማል። እኔ በሩ ላይ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ። ቅቤ ያመጣም ያላመጣም እኩል የታየበት የመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ማን አደረገው? እኔ!

መምህርት ዓለምነሽ በዚያ መሀል ነው የመጣችው። አውቃታለሁ፤ ሁሉም ያውቃታል። ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ወርዶ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ባለ ቆላ፣ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። ባሏ ትቷት ሄዶ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ልጇ ሕይወት ሁለት ዓመት ሲሞላት ወባ ሊገድላት ሲል አዝላት ወጥታ፣ ከቢሯችን ጀርባ ለሚኖሩት ለእናቷ ለእማማ ይታይሽ አስረከበቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ የምታድገው አያቷ ዘንድ ነው፤ አያቷን «እማዬ»፣ የወለደቻትን ደግሞ «እትዬ ዓለም» ነው የምትላት። እማማ ይታይሽ ደረታቸውን ያማቸዋል፤ በዚያ ንፋስ ሳላቸው እኛ ቢሮ ድረስ ይሰማል። ዓለምነሽ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ንፋስ መውጫ ተዛውራ ከልጇ ጋር አንድ ቤት መግባት። ለእሷ ዓይነት መምህር የነበረው ክፍት ቦታ አንድ ነው። ቦታው ለመምህር ጌትነት ደረሰ። ሁለቱም ሰባት ሰባት ነጥብ አላቸው፣ እሱ በሥራ አፈጻጸም በአንድ ይበልጣታል። አለቀ።

የሒሳብ ደብተር ገጽ ገንጥላ ይዛለች። በእርሳስ የተጻፈ።

«ጋሼ፣ እኔ ያገለገልኩት ሰባት ዓመት ከአሥር ወር ነው። የተጻፈልኝ ግን ሰባት ነው።»

«የሠራው ማሽን ነው» አልኳት።

«ይሁን። ዘጠና አራት ሲካፈል ለአሥራ ሁለት ሰባት ይደርሳል፣ አሥር ይቀራል። መምህር ጌትነት ሰባት ዓመት ከአንድ ወሩ ነው፣ እሱም ሰባት ተብሏል። የእኔ ቀሪ የት ሄደ?»

ኮሪደሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ሁሉም ያየናል። ያን ጊዜ ወረቀቱን ተቀብዬ ባየው አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ። የሒሳብ መምህር ነኝ'ኮ! አላየሁትም።

«ስንተኛ ክፍል ነው የምታስተምሪው?»

«አራተኛ።»

«እንግዲያው የአራተኛ ክፍል ሒሳብሽን ለአራተኛ ክፍል አድርጊው። ማሽን አይሳሳትም።»

ሳቁ። ኃላፊውም ሳቀ፤ ሒሳቡ ቢገባው ኖሮ አይስቅም ነበር፣ ግን ሳቀ። ዓለምነሽ ፊቷ ቀላ። ወረቀቷን በአራት አጠፈችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። «እሺ ጋሼ» ብላ፣ ወደ እናቷ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ወረደች። ከልጅቷ ጋር ተሰናብታ እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ጥርን ላውጋችሁ። በጥር የእኔ የደረጃ ዕድገት ደረሰ። ያገለገልኩት ሃያ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው፣ ለዕድገቱ ሃያ ሦስት ተኩል ይበቃል። ቅጹን በእጅ ከምሞላ በራሴ ፓኬጅ ላሠራው ብዬ ወራቴን አስገባሁ። ሃያ ሦስት ብሎ ቁጭ አለ! ደሜ ፈላ። «የት አባቱ ነው ዘጠኝ ወሬን የሚያደርሰው?» ብዬ ጠረጴዛውን ደበደብኩት። እርሳስ አነሳሁ፣ አካፈልኩ፣ ትክክል ነኝ። ፋይሉን ከፈትኩና መስመር በመስመር አነበብኩት። አሮጌው ፓይተን ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ቀሪውን ዝም ብሎ ይጥለዋል። አዲሱ አይጥልም። ሞላ የጻፈው በአዲሱ ነው፤ በአሮጌው እንዳታስኬደው ብሎ አስጠንቅቋል። ወረቀቱ እዚያው ከጠረጴዛው እግር ሥር ነው።

የሰው ወር ሲጠፋ ያልሰማሁት፣ የራሴ ወር ሲጠፋ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ ካናቴራ ላይ ይጻፍልኝ።

በሳምንቱ ባሕር ዳር ሄጄ፣ የጎደለውን ዘመድ ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ አምጥቼ፣ አዲሱን ፓይተን ጎን ለጎን ጫንኩ። ሥራው ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀው። ፓኬጁን እንደገና ጠቀለልኩት፤ ዝርዝሩ ላይ «አዲሱ ካልኖረ አልጫንም» የሚል ጻፍኩበት። የአምናውን ዝርዝርም አስኬድኩት። ዓለምነሽ ከላይ መጣች። ጌትነት ከሥሯ፣ በዘጠኝ ወር ልዩነት። ብቻዬን ነበርኩ፤ ስክሪኑን አጠፋሁት።

መናገር ይቻል ነበር። የካቲት ላይ በሁለተኛው መንፈቅ መጀመሪያ አንዲት መምህርት ወልዳ ስለቀረች እዚሁ ንፋስ መውጫ ቦታ ተከፍቶ ነበር። አንድ ደብዳቤ ይበቃል፤ «በፕሮግራሙ ስሕተት ምክንያት» ብዬ መጻፍ ብቻ። ግን ማሽን አይሳሳትም ብዬ ሰው ፊት ተናግሬያለሁ። የምስጉን ሠራተኛ የምስክር ወረቀት በእኔ ስም እየተዘጋጀ ነበር። ዓመቱን በግማሽ መበጥበጥ ለተማሪዎቹ አይበጅም፣ ደግሞ በነሐሴ አንደኛ መውጣቷ አይቀርም፣ ስድስት ወር ምን አላት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የራሴን ዘጠኝ ወር ግን አስተካክዬ፣ አስፈርሜ፣ ዕድገቴን ወሰድኩ። ዓይንን በጨው ማጠብ ይሄ ነው።

በግንቦት ከቢሮው ጀርባ የሚመጣው ሳል ቆመ። እማማ ይታይሽ አረፉ። ለዓለምነሽ ወሬው በሰው በሰው ወርዶ እስኪደርሳት፣ እሷም ገደሉን ወጥታ እስክትመጣ ቀብሩ አልፏል። ለቅሶ ሄድኩ፤ እንዴት አልሄድም፣ ጎረቤት ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየዘገንኩ ተቀምጬ ሳለ ገባች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነው። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ የመጡትን በየተራ ስታመሰግን እኔም ጋ ደረሰች። «ጋሼም መጡ? ውለታዎን ይክፈልልኝ» አለችኝ። የዘገንኩትን ንፍሮ መልሼ አስቀመጥኩት። አሁን ልንገራት አልኩ። ለቅሶ ቤት አይሆንም አልኩ። ፈሪ ምክንያት አያጣም።

ሕይወት ስምንት ዓመቷ ነበር። ከአርባው በኋላ የአባቷ እኅት ከእስቴ መጥታ፣ «ቆላ ይዘሻት ወርደሽ ወባ ይብላት ወይ?» ብላ ወሰደቻት። ዓለምነሽ ምን ትበል? እውነት ነው። እዚያው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤት አስገቧት። እኔ ይሄን ከጸሐፊያችን ሰምቼ፣ ነሐሴ ይድረስ እንጂ ዓለምነሽ ንፋስ መውጫ ትገባለች፣ ልጇንም ትመልሳለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ነሐሴ ደረሰ። ዝርዝሩ ወጣ። ዓለምነሽ ከሦስቱም ወረዳ አንደኛ። ስሟን ራሴ በቀይ አስምሬ ለጠፍኩት፤ እንደ ካሳ መሆኑ ነው እንግዲህ። በሦስተኛው ቀን ጧት መጣች። ጥቁሯን አላወለቀችም።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አልኳት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ጋሼ፣ ስሜን ከዝርዝሩ ያውጡልኝ።»

«ምን ሆነሻል? ንፋስ መውጫ'ኮ ነው የደረሰሽ!»

«ማን ጋ ልምጣ?» አለችኝ። «ቤቱ ተከራይቷል። ልጄን እስቴ ሄጄ ላመጣት ነበር። አክስቷ ቀሚስ ሥር ገብታ፣ ‹እትዬ ዓለም፣ እኔ እዚሁ ይሻለኛል› አለችኝ። አልፈርድባትም፤ አታውቀኝም። እስቴ ክፍት ቦታ የለም ተባልኩ። ቆላ ያሉት ተማሪዎቼ ቢያንስ እኔን ብለው ይመጣሉ። እዚያው ልክረም።»

ቅጹን አወጣሁ። ከዝርዝር መውጫ ቅጽ፤ ፈርማ የምትሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፣ እጄን ግን ከላዩ አላነሳሁም። ኃላፊው የለም፣ ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ የሚስቅ የለም።

«ዓለምነሽ፣ አምና ልክ ነበርሽ» አልኳት። «ፕሮግራሙ አሥር ወርሽን ጥሎት ነው። ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የእኔ ነው። አታድርግ የተባልኩትን አድርጌ ነው። ቦታው ያንቺ ነበር።»

አየችኝ። የምትጮኽ መስሎኝ ነበር፤ ምነው በጮኸችብኝ።

«መቼ ነው ያወቁት?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። ትናንት ብል ማን ያውቃል? ግን አፌ እምቢ አለ።

«ጥር ላይ።»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ እያለች ነው።

«እናቴ እስከ ግንቦት ነበረች'ኮ፣ ጋሼ» አለችኝ።

ቅጹን ከእጄ ሥር ሳብ አድርጋ ወሰደችው። እስክሪብቶ ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ፈረመች፣ እስክሪብቶዬን መለሰችልኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።